አንድን መብራት ከብዙ ቦታ ማብራትና ማጥፋት፦ የትኛው አሠራር ለየትኛው ቤት?

በባለ አንድ ፎቅ ቤት የደረጃው መብራት ከታች ብቻ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ፣ ወደ መኝታው የሚወጣ ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ መብራቱ በርቶ ያድራል፣ ወይ ከታች አጥፍቶ ደረጃውን በዳበሳ ይወጣል። በግቢ ቤትም የውጭው መብራት ማብሪያ ሳሎን ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ከመሸ የሚገባ ሰው የሚረግጠውን ሳያይ እስከ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። አዛውንትና ሕፃናት ባሉበት ቤት ይህ የመውደቅና የመሰበር ጉዳይ ነው። አንድን መብራት ከሁለት፣ ከሦስት ወይም ከዚያ ከበለጠ ቦታ ለመቆጣጠር የሚያስችሉ ዘዴዎች በርካታ ሲሆኑ፣ በዋጋ፣ በሽቦ ብዛት፣ በጥገና ቀላልነትና ከሁሉ በላይ በደኅንነት ይለያያሉ። ከእነርሱም አንዱ የቱንም ያህል ሽቦ ቢቆጥብ በማንም ቤት ሊኖር የማይገባው ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት በአገራችን የተለመደውን ቤት በማሰብ ነው፤ ማለትም 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚገባበት፣ ሽቦው በብሎኬት ግድግዳ ውስጥ በተቀበረ የፕላስቲክ ቱቦ የሚያልፍበት ቤት። ሥራውን መሥራት ያለበት ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ምርጫው ግን የባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ የሚፈልገውን ለይቶ ካላዘዘ ባለሙያው የለመደውን ሠርቶለት ይሄዳል።

ዕቃ ከመግዛት በፊት

ምርጫውን በአብዛኛው የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መብራቱ ከስንት ቦታ እንዲታዘዝ እንደሚፈለግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግድግዳው ያለበት ሁኔታ ነው። ግድግዳው ገና ካልተለሰነ ሁሉም መንገድ ክፍት ነው፤ አንድ ተጨማሪ ሽቦ ማሳለፍ የሚያስወጣው የሽቦውን ዋጋ ብቻ ነው። ተለስኖ ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን ግድግዳውን በስካርፔሎ መፈልፈል፣ ልስኑን መመለስና ክፍሉን እንደገና መቀባት ከማብሪያዎቹ ዋጋ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

የዕቃዎቹን ስምም አጥርቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ተራው ማብሪያ ማጥፊያ «ዋን ዌይ» ይባላል፤ በጀርባው ሁለት ተርሚናል፣ ማለትም የሽቦ ማሰሪያ ቦታ፣ ብቻ ያለው ነው። «ቱ ዌይ» የሚባለው ሦስት፣ «ኢንተርሚዲየት» የሚባለው ደግሞ አራት ተርሚናል አላቸው። ከፊት ሲታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ተገልብጠው ጀርባቸው ሲታይ ነው። ሱቅ ገብቶ «ባለ ሁለት ማብሪያ ስጠኝ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በአንድ ሽፋን ላይ ሁለት ቁልፍ ያለውን ነው፤ ይህም ሁለት የተለያዩ መብራቶችን ከአንድ ቦታ የሚያዝ እንጂ አንዱን መብራት ከሁለት ቦታ የሚያዝ አይደለም። በዚህ ስሕተት ምክንያት ዕቃ ይዞ ከመርካቶ ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ሰው ብዙ ነው።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ዕቃ ሲልክ፣ ወይም ከዚያ አገር የተቀረጸ የማስተማሪያ ቪዲዮ ስናይ ደግሞ ስሙ ይቀየርብናል። እኛ «ቱ ዌይ» የምንለውን እነርሱ «ስሪ ዌይ»፣ «ኢንተርሚዲየት» የምንለውን ደግሞ «ፎር ዌይ» ይሉታል። ከስሙ ይልቅ የሚያሰጋው የሽቦው ቀለም ነው። በአሜሪካ ጥቁሩ ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣው፣ ነጩ ደግሞ ኒውትራል፣ ማለትም የሚመልሰው፣ ነው፤ በድሮው የእንግሊዝ አሠራር ግን ቀዩ ፌዝ ሆኖ ጥቁሩ ኒውትራል ነበር። አሁን በብዙ አገር የሚሠራበት ዓለም አቀፍ አሠራር ሰማያዊውን ለኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን ለመሬት መስመር፣ ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫውን ለፌዝ ይመድባል። ስለዚህ ከግድግዳችን ውስጥ የወጣ ጥቁር ሽቦ ምን እንደሆነ የሚነግረን መለኪያው እንጂ ቀለሙ አይደለም። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ማብሪያም በ220 ቮልት መስመር ላይ መዋል የለበትም።

ከሁለት ቦታ ሲሆን፦ ሁለት ቱ ዌይ ማብሪያ

የቱ ዌይ ማብሪያ ሦስት ተርሚናሎች እኩል አይደሉም። አንዱ «ኮመን» ይባላል፤ ቁልፉ ወደ አንድ ወገን ሲጫን ኮመኑ ከአንደኛው ተርሚናል፣ ወደ ሌላው ሲጫን ከሁለተኛው ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው በፍጹም አይገናኙም። ፌዙ ከታች ባለው ማብሪያ ኮመን ላይ ይገባል። ከዚያ ሁለት ሽቦዎች፣ ተመላላሽ እንበላቸው፣ የታችኛውን ማብሪያ ሁለት ተርሚናሎች ከላይኛው ሁለት ተርሚናሎች ጋር ያያይዛሉ። ከላይኛው ኮመን የሚወጣው ሽቦ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል፤ ኒውትራሉ ግን በየትኛውም ማብሪያ ሳያልፍ አምፖሉ ላይ ይጠብቃል። ሁለቱ ማብሪያዎች አንዱን ተመላላሽ አብረው ሲመርጡ መብራቱ ይበራል፣ የተለያየ ሲመርጡ ይጠፋል። አንደኛው ማብሪያ ምንም ዓይነት አቀማመጥ ላይ ቢተው ሌላውን መጫን ሁልጊዜ ሁኔታውን ይለውጠዋል።

ለሁለት ቦታ ከሆነ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የሚያረጅ ጥቅልል፣ የሚቃጠል ኤሌክትሮኒክስ፣ የሚያልቅ ባትሪ የለበትም። የኃይል መዋዠቅ በበዛበት ሰፈር እንኳ ማብሪያው የሚጎዳበት ምክንያት ትንሽ ነው፤ ሲበላሽም ምትኩ ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ባሉ ሱቆች ሳይቀር ይገኛል። ለቤት መብራት 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦና 10 አምፒር ብሬከር የተለመደና በቂ ነው።

አሠራሩ አንድ ጠባይ አለው፤ የቁልፉ አቀማመጥ መብራቱ መብራት አለመብራቱን አይናገርም። ተራ ማብሪያ ወደ ታች ከሆነ በርቷል፣ ወደ ላይ ከሆነ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ በቱ ዌይ ግን ይህ አይሠራም። መብራት ኃይል በሄደበት ሰዓት የደረጃው አምፖል ክፍት ይሁን ዝግ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ አምፖል የሚቀይር ሰው «ማብሪያው ጠፍቷል» በሚል ተማምኖ መሰላል መውጣት የለበትም፤ ብሬከሩን ማውረድና በመለኪያ ማረጋገጥ ግድ ነው።

በዚህ አሠራር በጣም የተለመደው ብልሽት የሚመጣው ማብሪያ ሲቀየር ነው። የታችኛው ማብሪያ በአዲስ ከተተካ በኋላ፣ መብራቱ የላይኛው ቁልፍ በአንድ ወገን ሲሆን ብቻ ከታች የሚታዘዝ፣ የላይኛው ሲገለበጥ ግን ከታች የቱንም ያህል ቢጫኑ የማይበራ ከሆነ፣ የተበላሸ ዕቃ የለም፤ የኮመኑ ሽቦ በአንደኛው ተመላላሽ ቦታ ገብቷል ማለት ነው። መፍትሔው ከመጀመሪያው ቀላል ነው፤ አሮጌው ከመፈታቱ በፊት በኮመኑ ላይ ያለውን ሽቦ ለይቶ ናስትሮ መጠቅለል። አዲሱ ማብሪያ ላይ የኮመኑ ምልክት ግልጽ ካልሆነም፣ ማብሪያው ከመገጠሙ በፊት መልቲሜትሩን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ በድምፅ ማሰሚያው ላይ አድርጎ ተርሚናሎቹን ሁለት ሁለት መንካት ነው፤ በሁለቱም የቁልፍ አቀማመጥ ከአንዱ ወይም ከሌላው ጋር የሚጮኸው ኮመኑ ነው። አምራቾች ኮመኑን የሚያስቀምጡበት ቦታ ስለሚለያይ ከአሮጌው ጋር በማነጻጸር «መካከለኛው ነው» ብሎ መገመት አያዋጣም።

ቀድሞ አንድ ማብሪያ ብቻ ለነበረው መብራት ሁለተኛ ለመጨመር ሲፈለግ ሌላ አገናኝ መንገድ አለ። የድሮው ዋን ዌይ በቱ ዌይ ይተካል፤ ከእርሱ ወደ አዲሱ ማብሪያ ሦስት ሽቦ ይሳባል፤ ኮመን ከኮመን፣ አንደኛው ተርሚናል ከአንደኛው፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው ጋር ይያያዛል። ፌዙና የአምፖሉ ሽቦ በነበሩበት የድሮ ሳጥን ውስጥ በአንደኛውና በሁለተኛው ተርሚናል ላይ ይታሰራሉ። ሦስተኛ ሽቦ ቢጠይቅም ጣሪያው ላይ ያለውን ግንኙነት ስለማያስነካ ለተለሰነ ቤት ይህ ይመረጣል።

ዲመር፣ ማለትም የብርሃን ድምቀት መቀነሻ፣ ለሚፈልግ ሰው፣ ከሁለቱ ቦታ በአንደኛው ብቻ ለቱ ዌይ የተሠራ ዲመር ገብቶ ሌላው ተራ ቱ ዌይ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ተራ ዲመሮችን በአንድ መብራት ላይ መደርደር አይቻልም።

ሽቦ ለመቆጠብ ተብሎ የሚሠራው አደገኛ አገናኝ

አንዳንድ ቤት ውስጥ የደረጃ መብራት ከላይም ከታችም በትክክል ሲበራና ሲጠፋ እየታየ፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ፌዝና ኒውትራል ሁለቱም በእያንዳንዱ ማብሪያ ሁለት ተርሚናሎች ላይ ይገባሉ፤ አምፖሉ ደግሞ በሁለቱ ኮመኖች መካከል ይንጠለጠላል። አንዱ ኮመን ፌዝ፣ ሌላው ኒውትራል ሲመርጥ ይበራል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሲመርጡ ይጠፋል። ፌዝና ኒውትራል ቀድሞውንም በሁለቱም ቦታ በሶኬት ምክንያት ካሉ ተመላላሽ ሽቦዎቹን ስለሚያስቀር ርካሽ ይመስላል። በአሜሪካ «ካርተር» በሚል ስም የሚታወቅ ሲሆን ከብዙ ዘመን በፊት የተከለከለ ነው።

አደጋው ይህ ነው። መብራቱ የሚጠፋባቸው ሁለት አቀማመጦች አሉ፤ በአንደኛው ሁለቱም የአምፖሉ ጫፎች ኒውትራል ላይ ናቸው፣ በሌላኛው ግን ሁለቱም ጫፎች ፌዝ ላይ ናቸው። መብራቱ በሁለቱም ጊዜ ጠፍቷል። የወላጆቼ ቤት ደረጃ በዚህ መንገድ የተሠራ መሆኑን ያወቅነው ለዓመታት ከተጠቀምንበት በኋላ አምፖል ለመቀየር ስንዘጋጅ ነው። መብራቱ ጠፍቶ ሳለ የቴስተሩ ካቻቢቴ የአምፖል መያዣውን መሐል ሲነካ በራ፤ ጥርስ ያለውን ዙሪያውን ሲነካም በራ። እጅ የሚነካው ያን ዙሪያ ነው። ከዚህም ሌላ በአንድ ትንሽ ማብሪያ ውስጥ ፌዝና ኒውትራል በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ስለሚቆሙ፣ ቁልፉ ሲያረጅ በመካከላቸው ብልጭታ ተነሥቶ ሾርት ሊፈጠር ይችላል።

ስለዚህ ከባለሙያ ጋር ስትዋዋሉ «መብራቱ ሲሠራ አይቼ እከፍላለሁ» ማለት አይበቃም። አምፖሉ ወጥቶ፣ መብራቱ በሚጠፋባቸው በሁለቱም አቀማመጦች፣ ከመያዣው ሁለት ጫፎች ወደ መሬት መስመር በመልቲሜትር ይለካ፤ በየትኛውም 220 ቮልት መታየት የለበትም። ኒውትራል በማብሪያ ውስጥ አያልፍም፤ የሚቋረጠው ፌዙ ብቻ ነው።

የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ ስሕተትም በፎቅ ቤት ይገኛል፤ ፌዙ ከታችኛው ወለል ብሬከር፣ ኒውትራሉ ከላይኛው ወለል መስመር የሚመጣበት። መብራቱ ይሠራል። ነገር ግን የላይኛውን ብሬከር አውርዶ የሚሠራ ሰው ኒውትራሉን ሲፈታ፣ በአምፖሉ በኩል የመጣ የታችኛው ወለል ፌዝ እጁ ላይ ያገኛል። አር ሲ ዲ የሚባለው የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ ለየወለሉ ለብቻው በተገጠመበት ቤት ደግሞ የደረጃው መብራት በበራ ቁጥር ይወርዳል፤ በሄደው መስመር ያልተመለሰውን ኃይል እንደ ፍሳሽ ይቆጥረዋልና። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው መከላከያውን «አስቸጋሪ ነው» ብሎ ያስወጣዋል፤ መስተካከል ያለበት ግን ኒውትራሉ ነው።

ሦስተኛ ቦታ ሲጨመር፦ ኢንተርሚዲየት

ሁለቱ ቱ ዌይ ማብሪያዎች ጫፍና ጫፍ እንደቆሙ፣ በመካከላቸው በተመላላሾቹ ላይ ኢንተርሚዲየት ይገባል። ሁለት ሽቦ ይገባበታል፣ ሁለት ይወጣበታል፤ ቁልፉ በአንድ ወገን ሲሆን ሽቦዎቹን ቀጥ አድርጎ ያሳልፋል፣ በሌላው ወገን ሲሆን ያጠላልፋቸዋል። በእኔ አስተያየት ይህ አሠራር ከሁሉ ይልቅ ዋጋው የሚታየው በመኝታ ቤት ነው፤ አንድ ማብሪያ በሩ አጠገብ፣ አንድ አንድ ደግሞ በአልጋው ግራና ቀኝ ሲሆን፣ ከመተኛት በፊት ተነሥቶ መብራት ማጥፋት ይቀራል። ታማሚ ወይም አዛውንት ለሚተኛበት ክፍል ይህን ከመጋረጃና ከቁም ሣጥን በፊት አስቡበት።

ኢንተርሚዲየት ከቱ ዌይ ይወደዳል፤ በየሱቁም አይገኝም። ስለዚህ የቤቱ ማብሪያዎች ሁሉ በመልክ አንድ እንዲሆኑ የሚፈልግ ሰው የመረጠው ምርት ኢንተርሚዲየት እንዳለው ሌሎቹን ከመግዛቱ በፊት ያረጋግጥ። የገቢውና የወጪው ተርሚናሎች አቀማመጥም ከምርት ምርት ስለሚለያይ፣ አንዳንዱ ላይ ጥንዶቹ ላይና ታች፣ አንዳንዱ ላይ ግራና ቀኝ ናቸው፤ በጀርባው ያለውን ሥዕል ማየት ወይም በመልቲሜትር መለየት ያስፈልጋል።

በመካከል የሚገቡት ኢንተርሚዲየቶች ቁጥር በመርህ ደረጃ ገደብ የለውም። በተግባር ግን ማብሪያዎቹ ሁሉ በአንድ ሰንሰለት ተራ በተራ መያያዝ ስላለባቸው፣ አንዱ ጋ የላላ ብሎን ሁሉንም ያስተጓጉላል። አምስት ማብሪያ ያለው መስመር 32 የተለያየ አቀማመጥ ስላለው ብልሽቱን መፈለግም ያደክማል። እኔ ሦስት ላይ እንዲቆም እመክራለሁ።

አራትና ከዚያ በላይ፦ ኢምፐልስ ሪሌይ

አራት ቦታ ሲደርስ አስተሳሰቡን መቀየር ይሻላል። በዚህ አሠራር በየቦታው የሚገጠመው ማብሪያ ሳይሆን የበር ደወል ዓይነት ተጭኖ የሚመለስ ቁልፍ ነው። ቁልፎቹ ሁሉ በትይዩ ተያይዘው በብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ወዳለ አንድ ኢምፐልስ ሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ወደሚታዘዝ ማብሪያ፣ ይሄዳሉ፤ የትኛውም ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲጫን ሪሌዩ ያበራል፣ ሌላ ጊዜ ሲጫን ያጠፋል። አዲስ ነገር ነው ብሎ የሚሠጋ ካለ፣ ጣሊያናዊው ፒየሮ ጆርዳኒኖ የዚህን ዓይነት ሪሌይ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው ፊንደር የተባለው ኩባንያ እስከ ዛሬ ይሠራዋል። ሽናይደር፣ ኤቢቢና ለግራንድም በብሬከር ሐዲድ ላይ የሚገጠም አላቸው።

ጥቅሙ በግቢ መብራት ላይ ጎልቶ ይታያል። መብራቱ ከውጭው በር፣ ከሳሎኑ በር፣ ከማእድ ቤቱ የጓሮ በርና ከፎቁ መኝታ ቤት እንዲታዘዝ ተፈልጓል እንበል፤ የውጭው በርም ከቤቱ 20 ሜትር ይርቃል። በኢንተርሚዲየት ቢሠራና በሩ በሰንሰለቱ መካከል ቢወድቅ፣ ሁለት ሽቦ ሄዶ ሁለት ስለሚመለስ በዚያ ቱቦ ውስጥ ብቻ 80 ሜትር ሽቦ ይገባል፤ መጨረሻው ላይ ቢወድቅም ሽቦዎቹ ሦስት ናቸው። በሪሌይ ግን ሁለት ሽቦ፣ 40 ሜትር፣ ይበቃል። ወደፊት ሰርቪስ ቤቱ ላይ አምስተኛ ቁልፍ መጨመር ቢያስፈልግ፣ በአቅራቢያው ካለው ቁልፍ ሁለት ሽቦ መሳብ ብቻ ነው፤ የነበረው ምንም አይነካም። ለዝናብና ለእርጥበት በተጋለጠ የበር ምሰሶ ላይ ደግሞ ቁልፎቹን በ12 ወይም በ24 ቮልት የሚያሠራ ሪሌይ ከትራንስፎርመሩ ጋር መግዛት ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ እርጥብ እጅ የሚነካው ቁልፍ 220 ቮልት አይደርስበትም። ለግቢ ከዚህ የበለጠ የምወደው አሠራር የለም።

ጉድለቶቹም ሊታወቁ ይገባል። ሁሉም በአንድ ሪሌይ ላይ ስለሚመካ እርሱ ሲበላሽ መብራቱ ከየትም አይታዘዝም፤ ምትኩም ትልልቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ውስጥ ካልሆነ ላይገኝ ይችላል። ሲሠራ ቀጭ የሚል ድምፅ ስላለው የብሬከር ሳጥኑ በመኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ ከሆነ ይሰማል። ጨለማ ውስጥ የሚታይ ትንሽ የኒዮን መብራት ያለባቸው ቁልፎች ሲበዙ በእነርሱ የሚያልፈው ጥቂት ኃይል ሪሌዩን ሊያስቸግረው ስለሚችል፣ አምራቹ የፈቀደውን የቁልፍ ቁጥር ማየት ያሻል። ተጭኖ የቀረ ቁልፍም ለረጅም ጊዜ ኃይል መሸከም የማይችለውን ጥቅልል ያቃጥላል።

ስለ ጭነቱም አንድ ነገር ልበል። 16 አምፒር የተጻፈበት ሪሌይ በ220 ቮልት 3,520 ዋት የሚችል ይመስላል፤ ይህ ግን እንደ ማሞቂያ ላለ ጭነት ነው። ኤል ኢ ዲ አምፖሎች በሚበሩበት ቅጽበት ከመደበኛው እጅግ የበዛ ኃይል ስለሚስቡ፣ አምራቾች ለእነርሱ የሚፈቅዱት በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ሳያዩ ግቢውን በሙሉ በአንድ ሪሌይ ላይ መጫን የሪሌዩን ነጥቦች አበያይዞ መብራቱ አልጠፋ እንዲል ያደርገዋል።

መብራት ሄዶ ሲመለስስ? መካኒካል የሆነው ሪሌይ የነበረበትን ቦታ ይዞ ስለሚቆይ፣ በርቶ ከነበረ በርቶ ይመለሳል፤ ከኤሌክትሮኒክሶቹ አንዳንዶቹ ግን ጠፍተው ይመለሳሉ። ለግቢ መብራት፣ ሌሊት ኃይል ሲመለስ ጥበቃው በጨለማ እንዳይቀር፣ መካኒካሉን እመርጣለሁ።

የጋራ ደረጃና ያለቀ ቤት

በኮንዶሚኒየምና በአፓርታማ የጋራ ደረጃ ላይ ጥያቄው የተለየ ነው፤ ማብራት የሚፈልግ ብዙ ነው፣ ማጥፋትን የሚያስታውስ ግን የለም። እዚያ በየወለሉ የሚጫን ቁልፍ ኖሮ ጥቂት ደቂቃ ቆጥሮ ራሱ የሚያጠፋ የደረጃ ታይመር ይመረጣል። ጊዜው የሚሞላው በወጣት እርምጃ ሳይሆን ዕቃ ተሸክሞ እያረፈ በሚወጣ ሰው ልክ መሆን አለበት፤ ከመጥፋቱ በፊት ብልጭ ብሎ የሚያስጠነቅቀውን ዓይነት ማግኘት ከተቻለ እርሱ ይሻላል።

ለተለሰነና ለተቀባ ቤት ገመድ አልባ ማብሪያ ጥሩ መውጫ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ባትሪ የማይፈልጉት፣ ቁልፉ ሲጫን ከጣት ግፊት በሚገኝ ኃይል መልእክት የሚልኩት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሲመንስ ተነጥሎ የወጣው ኢንኦሽን በዚህ ይታወቃል። ተቀባዩ ፌዝና ኒውትራል ሁለቱም ባሉበት በአምፖሉ አጠገብ ጣሪያው ላይ ይገጠማል፣ ቁልፉ ደግሞ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የኮንክሪት ሶሌታና የብረት በር መልእክቱን ስለሚያዳክሙ፣ ከመለጠፉ በፊት በታሰበበት ቦታ በእጅ ይዞ መሞከር ያስፈልጋል።

በዋይፋይ የሚሠሩ ትንንሽ ሞጁሎችን በተመለከተ እጠነቀቃለሁ። አብዛኞቹ በማብሪያው ሳጥን ውስጥ ኒውትራል እንዲኖር ይፈልጋሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የኤሌክትሪክ ደንቡ በአብዛኛው ማብሪያ ሳጥን ውስጥ ኒውትራል እንዲደርስ ስለሚያዝ እዚያ ነገሩ ቀላል ነው፤ በእኛ ቤቶች ሳጥን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ፌዝና የአምፖሉ ሽቦ ብቻ ናቸው ያሉት። ኒውትራል ከጎረቤት መስመር ይዋስ የሚል ምክር ከመጣ፣ ከላይ ወዳስጠነቀቅሁት አደጋ መመለስ ነው። ሞጁል የሚመረጥ ከሆነ ኢንተርኔት በሌለበትም ከግድግዳው ማብሪያ የሚታዘዝና ኃይል ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚነገረው ይሁን። በስልክ ብቻ የሚታዘዝ አምፖል ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ እናቴ ካጠፋችው ከስልክ መልስ አይሰጥም፤ ለደረጃ አልመርጠውም።

ጠፍቶም ጭላንጭል የሚሰጥ አምፖል

ኤል ኢ ዲ በገባበት ቤት ይህ ቅሬታ ይበዛል፤ በቱ ዌይና በኢንተርሚዲየት መስመሮች ላይ ደግሞ ይብሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ከተመላላሾቹ አንዱ ፌዝ እንደያዘ ይቀራል፣ ሌላኛው ከአምፖሉ ጋር ተያይዞ ይቀራል፤ ሁለቱም በአንድ ቱቦ ውስጥ ለብዙ ሜትር ጎን ለጎን ሲሄዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ጥቂት ኃይል ይሻገራል። ለድሮው ባለ ክር አምፖል ይህ ምንም አልነበረም፤ ለኤል ኢ ዲ ግን ለጭላንጭል ወይም አልፎ አልፎ ብልጭ ለማለት ይበቃዋል። ኒዮን ያለበት ማብሪያ ካለ መጀመሪያ እርሱን በሌላ መቀየር፣ ቀጥሎ የተሻለ ምርት አምፖል መሞከር፣ ካልሆነም ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠውን ካፓሲተር በአምፖሉ ላይ በትይዩ ማስገጠም ነው። በሪሌይ በሚሠራ መስመር ላይ ተመላላሽ ስለሌለ ይህ ችግር በአብዛኛው አይታይም።

ልስን ከመለሰኑ በፊት

ቤት እየሠራሁ ቢሆን ለደረጃው ሁለት ቱ ዌይ፣ ለዋናው መኝታ ቤት ሁለት ቱ ዌይና አንድ ኢንተርሚዲየት፣ ለግቢው በዝቅተኛ ቮልት የሚሠራ ኢምፐልስ ሪሌይ አዝዝ ነበር። በየማብሪያው ሳጥን ውስጥ ሳይገናኝ ጫፉ የተሸፈነ አንድ የኒውትራል ሽቦ እንዲደርስም አደርግ ነበር፤ ኋላ ሞጁል ለመጨመር ለሚፈልግ ልጅ ግድግዳ ከመፈልፈል ያድነዋል። ሽቦው ገብቶ ልስኑ ሳይመጣ የየሳጥኑን ፎቶ ከነሜትሩ ማንሣት፣ ኮመኑን በቀለም ናስትሮ መለየት፣ ባለሙያው ባለበትም የማብሪያዎቹን አቀማመጥ ሁሉ አንድ በአንድ መሞከር ያስፈልጋል፤ ለሁለት ማብሪያ አራት፣ ለሦስት ስምንት ሙከራ ነው። ወደ ውጭው በር በሚሄደው ቱቦ ውስጥም አንድ የሲባጎ ገመድ ከሽቦዎቹ ጋር አሳልፎ ሁለቱን ጫፎች ሳጥኖቹ ውስጥ ማሰር ይገባል፤ ወደፊት ሦስተኛ ሽቦ ሲያስፈልግ የሚጎትተው እርሱ ነው።